ቀይ የማያየው ፊልም

ባለፈው ሰሞን ጉልበቴን አሞኝ እዚሁ ጭሮ ኤክስሬይ ተነሣሁና «ፊልሙን ስጠኝ» ስለው የሚያነሣው ልጅ ሳቀብኝ። «እማማ፣ ፊልም እኮ ቀረ፤ አሁን ኮምፒውተር ላይ ነው የሚታየው» አለኝ። እማማ ማለቱን ይቅር ብዬው ወጣሁ። ፊልም ቀረ ማለቱ ግን እስከ ቤቴ ተከተለኝ፤ እኔ አያቴን ያገኘሁት በኤክስሬይ ፊልም ነዋ።

ልጅ እያለሁ፣ ከተማችንን ሁሉም ሰው አሰበ ተፈሪ በሚላት ጊዜ፣ አባቴ የኤክስሬይ ባለሙያ ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ እጁ ሥራ መፍታት የማያውቅ ሰው። ጊዜው አልፎበት ሊጣል የወጣ አንድ ካርቶን ፊልም አስፈቅዶ ወደ ቤት አመጣና ከጣውላ የበግ ግልገል የሚያህል ካሜራ ሠራለት። ጓዳችንን በብርድ ልብስ አጨልሞ፣ ቀይ አምፖል አብርቶ፣ ፊልሙን በመቀስ ይቆርጣል፤ በእናቴ ሳፋ ያጥባል። ቤቱ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል። ፊልሙ በሁለቱም በኩል ቅብ ስለነበር ሲርስ በጥፍር ከነኩት ይጫራል፤ በዚህ ስንቴ ተቆጥቶኛል!

እናቴን ግን የሚያንገበግባት ሌላ ነገር ነበር። አባቴ ሽማግሌ ሳይልክ ነበር ከጎጃም ይዟት የመጣው። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ከዚያ ወዲህ «የእሱን ደጅ አልረግጥም» ብለው ለደብዳቤዋም መልስ ነፈጓት። ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ አይተውኝ አያውቁም ነበር። «መልኳን ቢያዩ ይራሩ ይሆናል» አለችና ከሂርና ገበያ ቀይ ጨርቅ ገዝታ ለራሷም ለእኔም አንድ ዓይነት ቀሚስ አሰፋች፤ የተረፈውን ሻሽ አደረገችው። ፊልሙ ብርሃን ለመያዝ ቀርፋፋ ስለነበር አባቴ ግቢያችን ወይራ ሥር አቁሞን «አትሳቁ፣ አትነቃነቁ» አለን። እኛም እንደ ግንድ ቆምን።

ፎቶው ሲወጣ ቀዩ ሁሉ ከሰል ሆኗል። ፊታችንም ጠቁሯል። እናቴ ቅር ሲላት አባቴ «ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀይ ከየት ይምጣልሽ?» ብሎ አሾፈባት። እሷም «ሁላችንም ደህና ነን» የሚል ደብዳቤ ጨምራ ላከችው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ጋቢያቸውን ያደገደጉ ሽማግሌ እየጮኹ ወደ ቤታችን መጡ። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ቀድማ ሮጠች።

«ያ ረቢ! አባባ፣ ማነው የሞተ?»

«ታደሰ! አማቼ! ሳልታረቀው!»

«ኦቦ ታደሰ? ዋላሂ፣ አሁን ጓሮ አየሁት እኮ!»

አባቴ እጁ ከሳፋው እንደራሰ ብቅ አለ። ሽማግሌው አያቴ ነበሩ፤ ሲያዩት ደጃፋችን ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ፎቶውን ከኪሳቸው አወጡ። በእኛ ወግ መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም፤ ሐዘን የተደበቀበት ደብዳቤ ሁሉ «ደህና ነን» ነው የሚለው። በዚያ ላይ እናትና ልጅ ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ ፊታቸው ከስሎ፣ አባወራው የለም። አባወራው ከካሜራው ኋላ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

አባቴ ግንባሩን መታ። ጓዳ ውስጥ ቀይ አምፖል የሚያበራው ለምን ሆነና! ያ ፊልም ቀይ አያይም፤ ቀዩን ሁሉ ጥቁር አድርጎ ነው የሚያወጣው። ይህን እያወቀ፣ ስንት ዓመት በዚያ መብራት ሥር ሠርቶ፣ ሚስቱንና ልጁን ቀይ እንደለበሱ አነሣቸው።

ሄዶ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። አያቴ ዘንጋቸውን ሊመቱት አነሡ፤ መልሰው ጣሉትና አንገቱን አቅፈው እንደ አዲስ አለቀሱ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ፣ ለሞተው ያመጡት እንባ ለዳነውም በቃ።

«ሽማግሌ አልላክህም ነበር» አሉት ፎቶውን እያሳዩ፣ «ይኸው ዛሬ ላክህ።»

ከዚያ ቀና ሲሉ በር ላይ በቀይ ቀሚሴ ቆሜ አዩኝ። «ይቺ ናት?» አሉ። ለሦስት ቀን ለቅሶ የመጡ ሰው እስከ ክረምት ቆይተው፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተረት ሲያወሩልኝ ከረሙ።

ዛሬ ልጄ ከአዳማ በየቀኑ ፎቶ ትልክልኛለች። ቀዩ ቀይ ነው፣ ሁሉ ነገር ጥርት ያለ ነው። ደስ ይለኛል፣ አውራ ጣት እልክላታለሁ፣ ከተቀመጥኩበት ግን አልነሣም። አያቴ ለአንዲት የጠቆረች ፎቶ ብለው ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ አልቅሰዋል። ፎቶዋ አሁን የእኔ ሳሎን ውስጥ ተሰቅላለች። የሚያያት እንግዳ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ሞቶባችሁ ነው?» ይለኛል።

«ማንም አልሞተብንም» እላለሁ። «አያቴ መጥተውልን ነው።»