የኮሶዬዋ ግማሽ ጎል

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ወጣት የስፖርት መምህር ከአዲስ አበባ ተመድቦ ወደ ጎንደር መጣ። ፊሽካው ካንገቱ አይወርድም ነበር። ሲቆጣም ይነፋታል፣ ሲደሰትም ይነፋታል፤ አንድ ቀን ሻይ ቤት ገብቶ አስተናጋጁን በፊሽካ ጠራው ተብሎ ተወርቶበታል። ይህ ሰው አንድ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ሴቶቹን ለብቻ አስቀርቶ፣ የጎንደርና የዙሪያዋ ሴት ተማሪዎች በእግር ኳስ ሊወዳደሩ ነው አለን። ሳቅን። ፊሽካውን ነፋ። ዝም አልን።

ተወዳዳሪዎቹ ጎንደር፣ ቆላ ድባና ደባርቅ ነበሩ። የጃናሞራዋ መካነ ብርሃንም ተጠርታ ነበር። ነገር ግን ከጃናሞራ ድረስ ለኳስ ተብሎ ያ ሁሉ መንገድ አይኬድምና፣ «እናንተ እዚያ ተጫወቱ፣ እኛም እዚህ እንጫወታለን፣ ኋላ እንተሳሰባለን» ብለው በመንገደኛ ላኩብን። መምህሩ መልእክቱን ሲሰማ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከትቶ ሳይነፋው ቆሞ ቀረ።

እኔ በቁመት ከክፍሉ ሁሉ እበልጥ ነበር። መምህሩ ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኘኝና፣ «አንቺ በረኛ ነሽ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ቤት በርሬ ሄጄ ለእናቴ «በረኛ ሆንኩ!» አልኳት። የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች።

«ጉድ በል ጎንደር! ፊደል ያስቆጠርኩሽ በረኛ እንድትሆኚ ነው? የማን ቤት በረኛ?»

የኳስ በረኛ መሆኔን ሳስረዳት ደግሞ ባሰባት። ጎረቤቶቿ ሴት ልጅ ኳስ ከመታች ማህፀኗ ይዞራል ብለው አስፈራርተዋት ኖሯል። ነገሩን ወደ ነፍስ አባታችን ወሰደችው። እኒህ አባት ለማንኛውም ጥያቄ ቸኩለው የማይመልሱ፣ ጢማቸውን እስኪበቃቸው የሚዳብሱ ሰው ነበሩ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ፍርዴን ጠበቅሁ።

«ትሮጣለች?» ሲሉ ጠየቁ።

«አትሮጥም አሉ አባቴ። በር ላይ ነው የምትቆመው።»

«ኳሱን በእግሯ ትመታዋለች?»

«የለም፣ በእጇ ትይዘዋለች።»

«ታዲያ ምን ነውር አለው? መጠበቅማ ማዕረግ ነው። ዐቃቤ ሰዓት አለ፣ ዐቃቤ መቅደስ አለ። እሷም ዐቃቤ ኳስ ትሁን።»

እናቴ ከዚያ ወዲያ ተቃውሞዋን ተወች፤ እንዲያውም ለጎረቤት ስትናገር ልጄ ተሾመች ትል ጀመር።

የቡድናችን አጥቂ የጎንደር የድሮ ነጋዴ የሆኑ እስላም አባት ልጅ ነበረች። ስትሮጥ እግሯ መሬት አይነካም። ከቀሚሷ ስር ሱሪ መልበስ የቤታቸው ወግ ስለነበረ፣ እኛ ቀሚሳችንን በአንድ እጅ ይዘን ስንንጎራደድ እሷ ደርሳ አግብታ ትመለስ ነበር። አባትየው አንድ ቀን ልምምድ ስናደርግ አዩንና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ እንዲህ አይሆንም፣ ሁላችሁም ተሸፈኑ» ብለው ከሱቃቸው አንድ ጣቃ ጨርቅ ላኩልን። ጨርቁ ሰው አልገዛላቸው ያለ የመጋረጃ ጨርቅ ነበር፤ እንደ ሰፌድ የሚሰፋ ቀይ አበባ ያለበት። ልብስ ሰፊው ደግሞ የሴት ልብስ ነው ስለተባለ እጅጌውን አሳምሮ ነፋው፣ ሱሪውንም ጉልበታችን ላይ በላስቲክ ሰበሰበው። ተሰልፈን ስንቆም የአንድ ትልቅ ቤት መስኮቶች እንመስል ነበር።

መጀመሪያ የገጠምነው ቆላ ድባን ነው። ከጎንደር ብርድ ወርደን ያ ሜዳ ላይ ስንቆም ሙቀቱ አናታችንን መታን። የነሱ ተከላካይ ከአራተኛ ክፍል ተማሪዎች አንዷ ብትሆንም ባለ ትዳር ነበረች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ የቆመች ጠንካራ ሴት። የኛ አጥቂ በመጣች ቁጥር በትከሻዋ ትመልሳታለች። እንደማናልፋት ገባን።

ከእረፍት በኋላ ግን አማቷ ሊያዩ መጡ። ተከላካይዋ አማቷን ከሩቅ ባየች ጊዜ ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ እጅ ልትነሳ ጎንበስ አለች። የኛይቱ በጎኗ አልፋ አገባች። ኳሱ ወደ መሀል ተመልሶ ጨዋታው ሲቀጥል፣ አማትየው ቦታ ለመለወጥ ብድግ አሉ፤ ምራትየዋ አሁንም ጎንበስ። ሁለተኛ አገባን። አማትየው ነገሩ ያን ጊዜ ገባቸውና ሜዳው ጫፍ ድረስ መጥተው ጮኹ፦

«አንቺ ልጅ! እኔን ተይኝ፣ ቤት ስንገባ ታከብሪኛለሽ! እሷን ያዣት!»

ከዚያ በኋላ አንዲት ኳስ አላለፈችም። ግን መሽቶባቸው ነበር፤ አሸንፈን ተመለስን።

ለመጨረሻው ግጥሚያ ከደባርቅ ልጆች ጋር ኮሶዬ ላይ እንድንገናኝ ተባለ። ለሁላችንም በመንገድ ላይ ያለች ሸጋ አገር ናት፤ ሜዳ አላት፣ ምግብ ቤት አላት። አንድ ነገር ብቻ ማንም አላሰበም፤ ጉሟን። ወደ ደባርቅ በሚወጣ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ፣ በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠን ስንደርስ ፀሐይ ነበረች። የባሕር ዛፍ እንጨት ተከልን፣ ተሰለፍን። ፊሽካ ያለው የኛ መምህር ብቻ ስለነበረ ዳኛም እሱ ሆነ። ልክ ሲነፋ ጉሙ ከሜዳው ዳር ካለው ገደል አፋፍ እንደ ተጠራ እንግዳ ገባ። መጀመሪያ የደባርቅ በረኛ ጠፋች፣ ከዚያ መሀል ሜዳው፣ ቀጥሎም የራሴ ተከላካዮች።

ብቻዬን ቀረሁ። በሁለት እንጨት መካከል፣ በአበባ መጋረጃ ልብስ፣ እየተንቀጠቀጥኩ። የእግር ኮቴ ይሰማኛል፣ ፊሽካ ይሰማኛል፣ «የታለች? የታለች?» የሚል ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ከሩቅ ትልቅ ጩኸት ተነሳ። ማን እንዳገባ አላወቅሁም፤ ለማንኛውም እኔም እልል አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ ዱላ የያዙ አንድ ሽማግሌ ወጡ። አህያቸው ጠፍታባቸው ይፈልጋሉ። እኔን ሲያዩ ቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ ብቻሽን ቆመሽ?»

«በር እየጠበቅሁ ነው አያ።»

ግራ ቀኝ አዩ። «ቤቱስ?»

«ቤት የለውም።»

«ተቃጠለ?»

«ኧረ የለም፣ መጀመሪያውንም አልተሠራም።»

አሰቡ። «እና ማን እንዳይገባ ነው?»

«ኳስ።»

«መጥፎ ነው?»

«ከገባ መጥፎ ነው።»

ሽማግሌው አዘኑልኝ። ጋቢያቸውን አውልቀው አከናነቡኝና፣ «ያቆመሽ ሰው እግዜር ይይለት» ብለው እንጨቱን ተደግፈው አብረውኝ ይጠብቁ ጀመር።

ብዙም ሳንቆይ የሩጫ ድምፅ ወደኛ መጣ። ከባድ ኮቴ ነው፤ የደባርቋ አጥቂ ግዙፍ ናት ሲባል ሰምቼ ነበርና እሷ መሰለችኝ። መምህሩ «ስትመጣ አትፍሪ፣ ተወርወሪባት» ብሎኝ ነበር። ከጉሙ ውስጥ አንድ ግራጫ ነገር ሲወጣ ዓይኔን ጨፍኜ ተወረወርኩ። ጥምጥም ብዬ ያዝኩ። ሞቅ ያለ፣ ጠጉራም ነገር ነበር። ዓይኔን ስገልጥ የአህያ አንገት አቅፌአለሁ።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ ሽማግሌው። «ያዝሻት!»

ኳሷ ከአህያዋ ኋላ ቀስ ብላ ተንከባላ መጣች፤ በመካከላችን አልፋ በበሩ ገባችና ወደ ጉሙ ሄደች።

ወዲያው የደባርቋ አጥቂ ደረሰች፤ ቀጫጫ ልጅ ሆና አገኘኋት። መምህሩም እያለከለከ መጣ። እሷ «አግብቻለሁ!» ትላለች፤ እኔ አህያዋን ሳልለቅ «አላየሁም!» እላለሁ። የኛ ልጆች ተሰበሰቡ፣ የነሱም ተሰበሰቡ። የኛይቱ አጥቂ በበኩሏ ቀደም ሲል በወዲያኛው በር አግብታ እንደነበረና የደባርቅ በረኛ እንደካደቻት ተናገረች። መምህሩ ሁለቱንም አላየም። የሚያደርገው ሲጠፋው ፊሽካውን ነፋ። አህያዋ ደነገጠችና ረገጠችው፤ ደግነቱ ጭኑን ብቻ ነው።

ጩኸቱን ሰምተው ከመንገድ ዳር ምግብ ቤቱ የኮሶዬ ሽማግሌዎች መጡ። ጠብ መስሏቸው ነው። መምህሩ በአንድ እግሩ ቆሞ ስለ ጎል ሕግ ሊያስረዳቸው ሲሞክር፣ «ተቀመጥ ልጄ፣ አንተም ተጎድተሃል» ብለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ እንደ ወጉ ክብ ሠርተው ምስክር ጠሩ።

የአህያዋ ጌታ ቆሙ። «በእውነት ገብታለች። ነገር ግን ይህች ልጅ ሁለት ነገር መጣባት፤ አንዱን ይዛለች። ግማሽ ይታሰብላት።»

ቀጥሎ የደባርቅ በረኛ ተጠራች። የቄስ ልጅ ነበረች፤ መማል ፈራች። «ስታልፍ ድምፅዋን ሰምቻለሁ» አለች አንገቷን ደፍታ፣ «በዓይኔ ግን አላየኋትም።»

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። የተሰማ ግን ያልታየ ነገር እንዴት ሙሉ ይሆናል? እሱም ግማሽ ነው አሉ። ግማሽ ለግማሽ። ታረቁ!

ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን። ከዚያ መምህሩ ጨዋታው ይቀጥል ብሎ ተነሳና፣ «ኳሷ የታለች?» አለ። ሁላችንም ወደ በሩ ኋላ አየን። መረብ አልነበረውም። ከበሩ በስተኋላ ሣሩ ወደ ታች ያዘነብላል፣ ሣሩ የሚያልቅበት ላይ ገደሉ ነው። ሽማግሌዎቹ ፍርድ ሲሰጡ ኳሷ ወደ ቆላ ወርዳ ኖሯል። መምህሩ እያነከሰ አፋፉ ድረስ ሄዶ ጉሙን ወደ ታች ሲያይ ቆየ። የአህያዋ ጌታ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ተዋት» አሉት፣ «እኔም ስንት ነገር ወድቆብኛል።»

ለአሸናፊው የተዘጋጀው ዋንጫ ከገበያ የተገዛ የቀንድ ዋንጫ ነበር፤ የብር የት ተገኝቶ! የምግብ ቤቷ ባለቤት ቅራሪ ሞላችበትና እኔና የደባርቅ በረኛ ተቀባበልነው፣ ከዚያም ለሁሉም ዞረ። አሸናፊው እስኪለይ እዚያው እሷ ዘንድ ይቀመጥ ተባለ። ማንም ሄዶ አልጠየቀም። አዲስ ኳስም ሳይመጣ መምህሩ ወደ ሌላ አገር ተቀየረ።

ወደ ጎንደር ስንመለስ እህል በጫነ መኪና ላይ እስከ ከተማው መግቢያ ተከራከርን። ግማሽ ለግማሽ ማለት አንድ ለአንድ ነው ወይስ ምንም? ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ሲደመር አንድ ጎል ነው፤ የማን እንደሆነች ነው ያልታወቀው» ብሎ ይባስ አጣላን። ፒያሳ ስንደርስ ሰው ተሰብስቦ፣ «ምን ሆናችሁ?» ሲለን፣ ማስረዳቱን ሳስበው ደከመኝ። ሌሎቹም እንደኔ ሳይሆን አልቀረም። አጥቂያችን ጆንያው ላይ ተነስታ «አሸነፍን!» ብላ ጮኸች፤ ሁላችንም ተቀበልናት፣ ከተማው እልል አለ።

በዚያው ማታ ደባርቅም በእልልታ ተናግታ አመሸች አሉ።