ማዶ ሳይመልስ አትውረዱ

ንጉሡ ደብረ ታቦር በከተሙበት ዘመን፣ ጦር ሲመጣም ሰው ሲሞትም ከጉብታችን ላይ ሆነው ወደ ማዶ መንደር የሚጣሩት አጎቴ ነበሩ። እኛን ጎረምሶቹን ጥሪ ያስለመዱን በቁጣ አይደለም፤ «እስቲ የማዶን ልጆች ስደቧቸው!» ብለው ነው። ማዶዎቹ ስድባችንን ቃል በቃል ደግመው፣ የራሳቸውን ጨምረው ሲመልሱልን በሳቅ ፍርስ እንል ነበር። የአጎቴ ሕግ ግን አንድ ነበር፤

«ማዶ ቃላችሁን ደግሞ ሳይመልስ እንዳትወርዱ። ያልተመለሰ ጥሪ አልደረሰም።»

ባለፈው ሐሙስ የእሳቸውን ሞት የተጣራሁት እኔ ነኝ። ድምፄ ተቆራረጠብኝ። ያኔ ስሰድበው የኖርሁት የማዶው ልጅ «አልሰማሁም፣ ድገመው!» አለኝ። ደገምሁት። ቃል በቃል መለሰልኝ።

ጥሪው ደርሷል። እኔ ግን «በቃ ልጄ፣ ውረድ» የሚሉኝን አጎቴን ስጠብቅ እዚያው ጉብታው ላይ ቀረሁ።