አልቀመጥ ያለው ክፍል

የመጀመሪያው ቀን መካነ ኢየሱስ ከተማ ካለው ቢሮዬ ሆኜ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቼ በኢንተርኔት ማስተማር ጀመርኩ። ጂኦግራፊ ያስተማርኩት ጠመኔ ይዤ ነው፤ ስክሪን ውስጥ የተሠራ አዳራሽ ገብቼ አላውቅም። እያንዳንዳችንን የምትወክል የሰው ምስል አለች፤ አቫታር ይሏታል። የእኔዋ አቫታር የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ግድግዳ ስትገፋ ጨረሰች።

ተማሪዎቼ ዲፕሎማቸውን የሚያሻሽሉ የገጠር መምህራን ናቸው። ጥሩነሽ ሩቅ ካለችው ወገዳ ሆና፣ ጡት የሚጠባ ልጇን ታቅፋ ትማራለች። ከእኛው አገር ቤተ ልሔም የሚገቡት መሪጌታ በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ፤ ክፍሉ "የኔታ" ነው የሚላቸው።

አንድ ቀን አለቃዬ አስጠሩኝ። "ገምጋሚ ልትመጣ ነው። ተማሪው ካልተሳተፈ ክፍሉ ይዘጋል" አሉኝ።

"የወገዳዎቹስ?"

"እዚህ እየመጡ ይማሩ።"

ወይ ጣጣ! በዚያ መንገድ፣ ከነልጇ? የጥሩነሽ ትምህርት አበቃለት ማለት ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

ቀኑ ደረሰ። ገምጋሚዋ በአቫታሯ ገባችና ከኋላ ቆመች። ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ።

"ተቀመጡ፤ ካርታውን ክፈቱ" አልኩ። ካርታው የሚከፈተው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ብቻ ነው።

ንቅንቅ የሚል ጠፋ። ደገምኩት። እንደቆሙ ናቸው።

"ኔትወርኩ ነው" አልኩና ወጥቼ ተመልሼ ገባሁ። ያው ነው።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አለች ገምጋሚዋ።

"ኧረ በጭራሽ!" አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አላማረኝም።

ኔትወርክ እንዳይከብድ ብዬ የተማሪዎቹን ማይክ ዘግቼ ነበር። ስልኬ ላይ የጥሩነሽ መልእክት ገባ፦ "ቲቸር፣ የኔታ ቆመው እንዴት እንቀመጥ?"

የእሳቸውን ማይክ ከፈትኩ። "የኔታ፣ ምነው አልተቀመጡም?"

"እንግዳ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? ነውር አይደለም እንዴ!"

አበስኩ ገበርኩ! የጠመኔው ክፍል ቢሆን ይሄ ይጠፋኝ ነበር?

"እባክዎ ይቀመጡ" አልኳት ገምጋሚዋን።

"እኔ ቆሜ ነው የምገመግመው።"

"እርስዎ ካልተቀመጡማ ዛሬ ትምህርት የለም!"

ሳቀች፤ ተቀመጠች። የኔታ ተቀመጡ። ክፍሉ ተከተላቸው። ካርታው ተከፈተ፤ ማይካቸውን ከፍቼ ስጠይቅ መጀመሪያ የመለሰችው ጥሩነሽ ናት፤ ከኋላዋ ልጇ እሪ እያለ። እኔም እንባዬ መጣ፤ ደግነቱ አቫታር አያለቅስም።

ክፍሉ አልተዘጋም። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ዝም ሲለኝ መጀመሪያ የማየው ማን እንደቆመ ነው፤ ኔትወርኩን የምነካካው ከዚያ በኋላ ነው።