በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ያለው ቀዳዳ

ታላቅ እህቴ ከዐረብ አገር ስትመለስ ሁላችንም ደብረ ታቦር ላይ ሱቅ ትከፍታለች ብለን ጠብቀን ነበር። እሷ ግን ጀልባ ገዛች። አንድ የውጭ አገር ሰው ጣና ላይ ሲንሸራሸርባት ኖሮ ወደ አገሩ ሲመለስ ለሽያጭ ያቀረባት፣ ባለ ሸራ ነጭ ጀልባ ናት። በደብረ ታቦር ብርድ ያደገች፣ ከወንዝ የሰፋ ውኃ ሳታይ ወደ ዐረብ አገር የሄደች ሴት ጀልባ ገዛች ሲባል ዘመድ ተሰብስቦ መከራት። ምክሩን በትሕትና ሰማችና በማግስቱ ወደ ባሕሩ ወረደች።

ምክንያቷን የነገረችኝ ለእኔ ብቻ ነው። እዚያ የምትሠራበት ቤት ሰዎች ጀልባ ነበራቸው፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ልታበስልና ልታጸዳ አብራ ትሄዳለች። ወደብ ሲደርሱ ነጂው አንዲት ቁልፍ ይጫናል። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ጀልባ አፍንጫውን ወደ ጎን ዘወር አድርጎ ግድግዳው ሥር ቀስ ብሎ ይቀመጣል። «ስምንት ዓመት ያችን ቁልፍ አየኋት» አለችኝ። «አንድ ቀን እንኳ ‹ነክተሽ እይ› ያለኝ የለም።» ጣና ላይ የተሸጠችው ጀልባ ያው ቁልፍ ነበራት።

ነገሩን ላስረዳ። ጀልባ የሚገፋው ከኋላ ነው፤ መሪውም ያለው ከኋላ ነው። ስለዚህ በዝግታ ሲሄድ፣ በተለይ ነፋስ ከጎን ሲመታው፣ አፍንጫውን የሚያዘው የለም። የእህቴ ጀልባ ግን ከአፍንጫዋ ዝቅ ብሎ፣ ውኃው ከሚነካው መስመር በታች፣ ከቀኝ ጎኗ ወደ ግራ ጎኗ የሚያሻግር ክብ ቀዳዳ አላት። የቀዳዳው ግድግዳ ዙሪያውን ድፍን ስለሆነ ውኃው ያልፍበታል እንጂ ወደ ጀልባዋ ውስጥ አይገባም። በቀዳዳው መካከል እንደ ማራገቢያ እየዞረች ውኃ የምትገፋ፣ የመዳፍ ያህል ፕሮፔለር አለች፤ በላይዋ፣ በደረቁ በኩል፣ በባትሪ የሚሠራ ሞተር ተቀምጧል። ፕሮፔለሯ ውኃውን ወደ ግራ ስትገፋ አፍንጫው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ ስትገፋ ወደ ግራ። እኛ ገፊዋ እንላታለን።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ይህን ነገር ስወደው ለከት አልነበረኝም። ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረድቻለሁ። ለእናቴ በሳፋ ውኃና በማንኪያ አሳይቻለሁ። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጡ አንድ የእህል ነጋዴ በውኃ ጠርሙስ ሳስረዳ፣ ሱሪያቸውን አርጥቤ ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

ለእህቴ ግን ገፊዋ መጫወቻ አልነበረችም። ሥራዋ ሰው ወደ አንድ ደሴት ማሻገር ነው፤ ወንድም ሴትም የሚሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ያለበት ደሴት። መውረጃው ከድንጋይ የተካበ፣ አፉ የጠበበ፣ ግራና ቀኙ ቋጥኝ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ገና ቁልፏን ሳትለምድ፣ ነፋስ አፍንጫዋን እየወሰደባት ካቡን ሁለት ጊዜ ገጨችው። አንዲት አሮጊትም በጉልበታቸው ወደቁ። የደሴቱ ገበዝ ጨዋ ሰው ናቸውና አልተቆጡም። «ልጄ» አሏት፣ «ለኅዳሩ ንግሥ አዛውንቶቹን የምታመጪልን አንቺ እንድትሆኚ ነበር የፈለግነው። በመጪው ኅዳር ድንጋዩን ሳትነኪ ከቆምሽ ሥራው ያንቺ ነው። ከነካሽ ግን ሌላ ባለጀልባ እንጠራለን፤ አትቀየሚን።» እህቴ እስከ ግንቦት ድረስ በየቀኑ ተለማመደች። ሰኔ ሲገባ በካቡና በጀልባዋ መካከል እንቁላል አስቀምጣ ሳይሰበር የምትቆም ሆና ነበር።

በክረምቱ ዕረፍት ጀልባዋን ወደ የብስ አወጣናት። የቀለሙ ሥራ የእኔ ነበር። አሮጌውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፣ ሁለት ጊዜ ቀባሁ፣ የሠራሁትን ሁሉ ከነቀኑ በሰማያዊ ደብተር ጻፍሁ። ጨርሼም ወደ ደብረ ታቦር ተመለስሁ። ጀልባዋን የሚጠብቁት አባባ ነበሩ። አባባ አርባ ዓመት ያህል ከደንገል ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ፣ አሁን እጃቸው ስለደከመ ለእህቴ በዘበኝነት የተቀጠሩ ሽማግሌ ናቸው። በመስከረም መጨረሻ ጀልባዋ ወደ ውኃው ተመለሰች። እህቴ ቁልፏን ተጫነች። ገፊዋ አንዴ አቃሰተችና ጸጥ አለች።

ይህን በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ እንደወትሮው ነበር። መጨረሻ ላይ ብቻ፣ «ኅዳር ስንት ሳምንት ቀረው?» አለችኝ። እሷም እኔም ቁጥሩን እናውቀው ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቼ በወረታ በኩል ይፋግ ደረስሁ፤ ከዚያ በባጃጅ፣ በሩዝ ማሳዎቹ መካከል ወደ ባሕሩ ወረድሁ። መፍቻዎቼን በየቁጥራቸው ደርድሬ ነበር የያዝሁት። ለሚፈቱት ብሎኖች የሚሆኑ ፖስታዎችም ነበሩኝ፤ በላያቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ጽፌባቸዋለሁ።

«አንተ ሰው፣ ዛሬ ሰንበት አይደለም እንዴ?» አሉ አባባ።

«መፍታት ብቻ ነው አባባ። ሥራ አይባልም።»

«ከሥራ በቀር ምን ይባላል ታዲያ» አሉና ላለማየት ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምላቸው ብልሽት ሲፈለግ ከኃይሉ ምንጭ ተነሡ ነው። ስለዚህ ከባትሪው ተነሣሁ። የባትሪው ጫፎች አረንጓዴ ዝገት ለብሰው አገኘኋቸው፤ ጠረግሁ። ፊውዙ ተቃጥሎ ነበር፤ ከደብረ ታቦር ይዤ የመጣሁትን ተካሁ። ገመዶቹን አጠበቅሁ። ሁሉንም በደብተሩ ላይ ምልክት አደረግሁና እህቴን ተጫኚ አልኋት። ገፊዋ በአንድ ጊዜ ጮኸች፤ ከድሮዋ በእጥፍ የፈጠነ፣ የቀጠነ ጩኸት።

«ሠራች» አልሁ።

እህቴ እጇን ከቁልፉ ሳታነሣ አሻግራ ተመለከተች። «ድምፅዋ ሠርቷል፣ የኔታ። ጀልባዋ ግን አልሰማችም።»

እውነቷን ነበር። አፍንጫው ንቅንቅ አላለም። ሞተሩ በባዶ እየዞረ ነው ማለት ነው። ሞተሩን ከፕሮፔለሯ ጋር የምታያይዝ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች የናስ ፒን አለች። አንድ ነገር ፕሮፔለሯን አንቆ ሲይዛት የማርሹ ጥርሶች እንዳይሰበሩ መጀመሪያ የምትሰበረው ይህች ፒን ናት። ሆን ተብላ ደካማ ሆና የተሠራች ናት።

«እኔ በሰው ቤት እንደነበርሁት» አለች እህቴ። ከዚያ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

በሳምንቱ ደብረ ታቦር ላይ አንድ የቶርኖ ባለሙያ ዘንድ ሄድሁ። ልኩን በወረቀት ሥዬ ሰጠሁት። ሰውየው ወረቀቱን ገልብጦ አየና «ናስ ምን ያደርግልሃል? በብረት ልሥራልህ፣ ዕድሜ ልክህን አትሰበርም» አለኝ።

«መሰበር አለባት እኮ።»

«እንድትሰበር ነው የምታሠራት?»

«እንድትሰበር ነው።»

ሥራውን አቁሞ ባልደረባውን ጠራና የምለውን እንደገና እንድነግረው አደረገኝ። በደስታ ነገርሁት። ሦስት ፒን ይዤ ወጣሁ።

ፒኗን ለመተካት ግን ጀልባዋ ከውኃ መውጣት ነበረባት፤ ለዚያ ደግሞ ቢያንስ ዐሥራ አምስት ሰው ያስፈልጋል። ለእኔ የሚመቸኝ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ የመንደሩ ሰው ቅዳሜና እሑድ ከባድ ሥራ አይሠራም። ማክሰኞ ለማድረግ ብናስብ ወርኃዊ በዓል ሆነ። በመጨረሻ የዓርብ ክፍለ ጊዜዎቼን ለባልደረባዬ አዛውሬ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወረድሁ። ንግሡ ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ዓርብ ጧት የባሕር ዛፍ አጣናዎች ሥሯ እየተነጠፉ፣ ገመድ እየተሳበ ጀልባዋ ወደ የብስ ወጣች። እኔ ፖስታዎቼን ደርድሬ፣ መፍቻዬን ይዤ በአፍንጫዋ ሥር ተንበረከክሁ። ቀዳዳው የለም።

ማለቴ፣ ቀዳዳው በነበረበት ቦታ ላይ የተጎነጎነ ደንገል ነበር። እጅግ ንጹሕ ሥራ ነው፤ ዙሪያውን ተስተካክሎ የተቆረጠ፣ ከቀለሜ ጋር እኩል የሆነ። ወደ ሌላው ጎን ዞርሁ። እዚያም እንደዚያው።

«ይሄማ የእኔ ሥራ ነው» አሉ አባባ። ሲናገሩ ፊታቸው በርቶ ነበር። «አንተ ቀለሙን ጨርሰህ ስትሄድ ዞር ዞር ብዬ ባያት ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ቀዳዳ አገኘሁ። ልጁ ረስቶት ሄደ አልሁ። አስተማሪ ሰው ላሳፍር ብዬ? ለማንም ሳልናገር ደፈንሁልህ።»

ከዚያ ገመድ ሲስቡ ከነበሩት አንዱ፣ «አባባ፣ አፍንጫዋን ወትፈው ነዋ ትንፋሽ ያሳጧት!» አለና ሁሉም ሳቁ። ሽማግሌው ሳቁን ሲሰሙ እኔን አዩ፤ እኔን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። ዱላቸውን አንሥተው ከጀልባዋ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

እህቴ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ለእሳቸው አላስረዳሃቸውም?»

አላስረዳኋቸውም። የነጋዴውን ሱሪ እስካረጥብ ድረስ ለመንገደኛ ሁሉ አስረድቻለሁ፤ ከጀልባዋ ጋር ለሚውሉት ለሚያድሩት ሰው ግን አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። ታንኳ የሠራ ሰው ከውኃ በታች ቀዳዳ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ፊዚክስ አያስፈልግም ነበር።

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። በዱላቸው ጫፍ አሸዋው ላይ ሣልሁላቸው፤ ጀልባዋን፣ ቀዳዳውን፣ ፕሮፔለሯን።

«ውኃው ገብቶ ይወጣል ነው የምትለኝ?»

«አዎ አባባ።»

«ሆዷ ሳይገባ?»

«ሳይገባ። የቀዳዳው ግድግዳ ድፍን ነው፤ እንደ ቦይ።»

ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይሄን መንገር ይህን ያህል ይከብዳል?» አሉ። «ያን ጊዜ ዱላዬን አልለመንኸኝም እንጂ እሰጥህ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ አባባ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የሁለታችንም ነው» አሉና ተነሡ።

ደንገሉን ልጎትት ስል እጄን መቱኝ። «ተው፣ እንዲያ ከሳብኸው ይብስ ይጠብቃል። የእኔ አሠራር እንደዚያ አይፈታም።» በጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱ፣ የተደበቀ ጫፍ አገኙ፣ አንዴ ጠምዝዘው ሳቡት። ሙሉው ድፋን እንደ ጠርሙስ ክዳን ወጣ። የሌላውም ጎን እንዲሁ። የውስጥ ፊቱ በፕሮፔለሯ ምላጭ ተፋፍቆ ነበር፤ ውኃ ጠጥቶ አብጦ አንቋት ኖሯል። የተሰበረችው ፒን በሁለት ተከፍላ ወደቀች፤ በፖስታ ቁጥር አራት ውስጥ አስቀመጥኋት። አዲሷን ተካሁ፣ የማርሹን ዘይት አየሁ፣ ግሪስ ቀባሁ። አባባ እያንዳንዱን ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እኔም አንዱን ሳልዘልል መለስሁ። እህቴ፣ «አሁን ተገናኛችሁ» እያለች ውኃ አቀበለችን።

ልንጨርስ ስንል አባባ በቀዳዳው አጮልቀው፣ «ክፍት ከተተወ እኮ እምቦጩ ይገባበታል» አሉ። በደብተሬ ላይ ብዙ ነገር ጽፌ ነበር፤ እምቦጭ ግን አልነበረበትም። በዚያ ወራት ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አረሙ ዳርቻውን ምንጣፍ ያስመስለዋል። አባባ ረጅም ሸንበቆ ቆርጠው ጫፉን አለዘቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጀልባዋ ከመነሣቷ በፊት በየጧቱ ከጀልባዋ ጎን ውኃ ውስጥ ገብተው ሸንበቆውን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያሻግሩታል። እኔም ይህን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ «የአባባ ሥራ» በሚል ርዕስ ሥር ጻፍሁት። ከመምሸቱ በፊት ጀልባዋን ወደ ውኃው መለስናት፤ ገፊዋም አፍንጫዋን ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዞረች።

የንግሡ ዕለት በመጀመሪያው ጉዞ ዐሥራ አንድ አዛውንት ተሳፈሩ። ነፋሱ ቀድሞን ተነሥቶ ነበር። ወደ ደሴቱ ስንቀርብ ገበዙ ካቡ ላይ ቆመው አየኋቸው፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል። እህቴ ሞተሩን ቀነሰች። ነፋሱ አፍንጫውን ይዞ ወደ ቋጥኙ መውሰድ ጀመረ፤ አንዲት እናት እጄን ጨመቁት። እህቴ ቁልፏን አንዴ ተጫነች፣ ለቀቀች፣ ደግማ ተጫነች። ከሥራችን ውኃው ተናወጠና አፍንጫው ተመለሰ። ጀልባዋ ከካቡ የእጅ መዳፍ ያህል ራቅ ብላ ቆመች። ገበዙ ጎንበስ ብለው እጃቸውን በድንጋዩና በጀልባዋ መካከል አስገቡና አወጡ።

አዛውንቶቹ አንድ በአንድ ወረዱ። የወደቁት አሮጊትም ነበሩበት፤ ሲወርዱ የማንንም እጅ አልያዙም።

«ከሰዓት በኋላም አንቺው መልሺያቸው» አሏት ገበዙ። «ከርሞም ሌላ አንፈልግም።» እህቴ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣች። አንደኛው እጇ ግን አሁንም ቁልፏ ላይ ነበር።

በመልሱ ጉዞ አባባ ከፊት ተቀምጠው ገመድ ይዘው ነበር። አንድ ገበሬ ያ ድምፅ ምንድን ነው ብለው ጠየቋቸው። አባባ በሸንበቆው ወደ ታች ጠቁመው ማስረዳት ጀመሩ። ፕሮፔለሯን ከእውነቱ ትንሽ አተለቋት፤ ባትሪውንም ረሱት። አፌን ከፈትሁ፤ እህቴ ከኋላ አየችኝ። መልሼ ዘጋሁትና እሳቸውን አዳመጥሁ።