ዓይነ ሜትር በቴሌቪዥን የተናገረው

ሰፈሩ «ዓይነ ሜትር» ይለው ነበር። ልብስ ሰፊ ነው። ደንበኛው ደጃፉን ሳያልፍ ወገቡንና የእጅጌውን ርዝመት በዓይኑ ለክቶ ይጨርሳል፤ ሜትሩን የሚያወጣው ለወጉ ያህል ነው። ሱቁ ጠባብ ናት፦ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ወደ መንገድ የምታሳይ አንዲት መስኮት። እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ ሚስቱ በግራው ተቀምጣ ትዘመዝማለች፣ የቁልፍ ቀዳዳ ትሠራለች። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ሲጋራ ከአፉ አይለይም ነበር። ዝናብ ሲበዛ ጨርቁ እንዳይርስ መስኮቱ ይዘጋና ጭሱ እዚያው አብሯቸው ይውላል። ሚስቱ ደግሞ ጨዋታ አዋቂ ናት። ደንበኛ ስለ ሳሏ ሲጠይቃት፣ «እሱ ያጨሳል፣ እኔ እስላለሁ፤ ሥራ ተካፍለን ነው» ትላለች። ሁሉም ይስቃል። እሱም ይስቅ ነበር፣ እንዲያውም ከሁሉም ጮክ ብሎ።

ሳሉ ደም ቀላቅሎ ሲመጣ ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ የሳንባዋን ራጅ ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅሎ ብዙ ካየ በኋላ፣ ስንት ዓመት እንዳጨሰች ጠየቃት።

«እኔ?» አለች እየሳቀች። «እኔ ከክር ጫፍ በቀር አፌ ላይ ያኖርኩት ነገር የለም።»

ሐኪሙ አልሳቀም። ዓይኑን ከፎቶው አንሥቶ በባልየው ጣቶች ላይ አሳረፈ። ሁለቱ ጣቶች እስከ አንጓቸው ቢጫ ሆነዋል። ዓይነ ሜትር እጁን ኪሱ ከተተ። ሐኪሙም ስለ መድኃኒቱ ማስረዳት ጀመረ።

ዓይነ ሜትር ያን ቀን ከሐኪም ቤቱ ደጃፍ የሲጋራ ፓኮውን ጣለ፤ ዳግመኛም አልነካም። ሚስቱ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችው፤ ያለችው ግን እጁን ይዛ ነው። ዘጠኝ ወር ቆይታ ሞተች።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ የሒሳብ መምህርት ናት። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ አባቷን «አባዬ» ስትለው፣ «አንተ» ስትለው ኖራለች። ከቀብሩ በኋላ ስልክ ደውላ «ደህና ነዎት?» አለችው። የተሳሳተች መሰለው። በሚቀጥለውም ሳምንት «እርስዎ» ነበር፤ «አባዬ»ም «አባቴ» ሆነ። ሌላ አባት ቢሆን ልጄ አከበረችኝ ብሎ ደስ ይለው ነበር። እሱ ግን ገባው። ለስድብ መልስ አይታጣም፤ ለአክብሮት ምን ብሎ ይመልሳል?

በዓመቱ የእሱም ሳንባ ለገመ። ጥቂት ደረጃ ከወጣ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል። ክትትል በሚያደርግበት ክሊኒክ አንዲት የማስታወቂያ ባለሙያ መጣች፤ ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች የደረሰባቸውን በቴሌቪዥን እንዲናገሩ ትፈልጋለች። ሌሎቹ የጎረቤት መሳቂያ አንሆንም ብለው እምቢ አሏት። እሱ ወዲያው እሺ አለ። ምክንያቱን ለማንም አልነገረም። ልጁ ፊት ለፊት አታዳምጠውም፤ ቴሌቪዥን ግን ታያለች። ጥፋቱን በአገር ፊት ቢናዘዝ ትሰማዋለች ብሎ አሰበ።

ቀረጻው ሱቁ ውስጥ ሆነ። የሚስቱን ወንበር አጠገቡ ቢያኖር፣ ካሜራ የያዘው ሰው ጥላ ይጥላል ብሎ ወደ ጓሮ አወጣው። አርባ ደቂቃ ተናገረ። ሸሚዙን ከፍቶ ደረቱን አሳየ። ከሱቁ ወጥቶም የጎረቤቱን ፎቅ ደረጃ ወጣ፤ እባክዎ ይድገሙልን ቢሉት ደገመው። ሲያበቃ ላብ አጥምቆት ነበር፤ ልቡ ግን ሸክም የወረደለት ያህል ቀለለው።

ማስታወቂያው ሲወጣ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነበር። ደረጃው ላይ እያለከለከ ይታያል፤ ከዚያ «ሲጋራ ትንፋሼን ቀማኝ፤ እናንተ ግን ገና ጊዜ አላችሁ» ይላል። ይኸው ነው። ስለ ሚስቱ አንድ ቃል የለም።

ጎረቤቱ ባለሱቅ ዝነኛ ሆንክ ብሎ ቀለደበት። በደጃፉ የሚያልፉ ልጆች ማለክለኩን እየኮረጁ ይሮጣሉ። ደንበኞቹም አንድ በአንድ ቀሩ፤ አንድ ሽማግሌ፣ ጨርቄን ሰጥቼህ መሀል ላይ ብትሞት እጅጌ የሌለው ኮት ለብሼ ልዙር ወይ ብለው በግልጽ ነገሩት። አንድ ግንበኛ ብቻ መጥቶ፣ በእሱ ምክንያት ሲጋራ ካቆመ አሥራ አንድ ቀኑ እንደሆነ ነገረው። ዓይነ ሜትር ደስ ሊለው ሞከረ፤ ልቡ እምቢ አለው።

ልጁ በሦስተኛው ሳምንት ደወለች።

«አየሁት» አለች።

«እሺ?»

«ስለ ራስዎ ነው የተናገሩት።»

ስለ እናቷ የተናገረውን እንደቆረጡበት ሊያስረዳት ሞከረ። ትንፋሽ አጥሮት ሁለት ጊዜ አቋረጠ። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አባቴ፣ እኔ እኮ እዚሁ ከተማ ነኝ» አለችው። «ለእኔ የሚነግሩኝን በቴሌቪዥን ለምን ላኩት?»

በማግስቱ የተቆረጠውን አምጥቶ ለልጁ ሊያሳያት ወደ ማስታወቂያ ቢሮው ሄደ። ባለሙያዋ ደግ ሴት ናት። አንድ ማስታወቂያ ከአንድ መልእክት በላይ እንደማይሸከም አስረድታ፣ ሙሉውን ቀረጻ ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተችለትና ብቻውን ትታው ወጣች።

አርባውንም ደቂቃ ተቀምጦ አየ። ስለ ትንፋሹ ይናገራል፣ ማጨስ ስለ ጀመረበት ዕድሜ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ቀና ብሎ ካልሆነ መተኛት ስላለመቻሉ። ስለ ሚስቱ ያለው ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ «ባለቤቴም ሳንባዋን ታማ ሞተች፤ ቀን ከደረሰ ምን ይደረጋል» ይላል። ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ አዳመጠ። «በእኔ ጭስ» የምትል ቃል የለችም። በልቡ ስንት ጊዜ ስለ ደጋገማት በአፉም ያወጣት መስሎት ኖሯል። ማንም አልቆረጠበትም።

ባለሙያዋ ተመልሳ በፍላሽ ልገልብጥልዎ ወይ ብትለው፣ «ይቅርብኝ» ብሎ ወጣ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ልጁ ቤት ሄደ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ በየመታጠፊያው እየተቀመጠ ወጣ። የተማሪ ደብተር ስታርም ነበርና ቀይ እስክሪብቶ እንደያዘች በሩን ከፈተች። ወንበር ሰጠችው፣ ውሃ ቀዳችለት፣ ትንፋሹ እስኪመለስም ቆማ ጠበቀች።

«እናትሽን የገደልኳት እኔ ነኝ» አለ።

እስክሪብቶውን ከደነችው። «አውቃለሁ። እሷም ታውቅ ነበር።»

«ነገረችሽ?»

«ከሐኪም ቤት የመጣችሁ ቀን ነገረችኝ። ‹እንዳትነግሪው፤ ከእኔ በኋላ እንዴት አድርጎ ይኖራል› አለች። እኔም ዝም አልኩ። ራስዎ እስኪሉት ሁለት ዓመት ጠበቅኩ።»

ዘግይቶ እንደሆነ ጠየቃት።

«ለእሷ ዘግይቷል» አለች። «ለእኔ አላውቅም።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ግን ይቅር የምትለው አፈር ለብሳለች። ውሃውን ጠጥቶ ተነሣ፤ እሷም እስከ ታች ደግፋ አወረደችው።

መቀስ መያዝ እንኳ ሲያቅተው ሱቁን ዘጋ። ማስታወቂያው መታየቱን አልተወም። ልጁ በየእሑዱ ትመጣለች። መድኃኒቱን በየሰዓቱ ለይታ ትደረድራለች፣ የኦክስጅኑን መለኪያ ታያለች፣ ምሳውን ታቀርብለታለች። ከዚያ ሌላ የሚያስፈልግዎ አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች። የለም ይላል፤ እሷም ቦርሳዋን አንሥታ ትሄዳለች። ስለ እናቷ ከዚያ ቀን ወዲህ አንሥተው አያውቁም።