አንድ ሊትር ውሃ

በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ቀራንዮ ሠፈር አስተማሪ ነበርኩ። ጠዋት ሕፃናትን አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በቀበሌው አዳራሽ የሠፈሩን እናቶች መሠረተ ትምህርት ሀ ሁ አስቆጥራለሁ። ከሁሉም ፊደል አሻፈረኝ ያላቸው አንዲት እናት ነበሩ። ቆሼ ወርደው ከቆሻሻው ክምር ጠርሙስ ይለቅማሉ፣ አጥበው ይሸጣሉ፣ በዚያችው የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። «በ» እና «ሰ»ን ለመለየት ወር ፈጀባቸው። እኔ ለዕድሜያቸው፣ እሳቸው ለጠመኔዬ ብለን አንቱ እንባባል ነበር።

ልጄ ዓመት ሳይሞላት ተቅማጥ ያዛት። ክሊኒክ ስደርስ እኚህ ተማሪዬ የልጅ ልጃቸውን አዝለው ሰልፍ ላይ ቆመዋል። የሱም ሕመም ያው ነው። የክሊኒኩ ድሬሰር ግን ካፖርቴን አየና ከሰልፉ አወጣኝ።

«መምህርት፣ ይግቡ።» ልጄን ዳበሰና ሁለት እሽግ ዱቄት ሰጠኝ። «በውሃ በጥብጦ መስጠት ነው። ለእርስዎ ምን እነግራለሁ? ላዩ ላይ ተጽፏል።»

በስንት ውሃ ብዬ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ከተባለ በኋላ ግን ማን ይጠይቃል? አመስግኜ ወጣሁ።

በሩ ላይ ልጄን ሳለብስ የሳቸው ተራ ደረሰ። በዕድሜ ልጃቸው የሚሆነው ድሬሰር ጮኸባቸው። «ስሚ አንቺ! አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ... ገባሽ? እስቲ ድገሚ! እንደገና!» ሦስት ጊዜ አስደገማቸው። ሰልፈኛው ሳቀ። እኔ ደግሞ ስለ ድሆች ክብር እያሰብኩ ስለነበር የሚባለውን በቅጡ አልሰማሁትም።

ቤት ገብቼ እሽጉን አነበብኩት። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ አንድ ሊትር እንደሚል ለይቻለሁ። መማር መጥፎ ነው፣ ያመራምራል። ይህ ለአዋቂ መሆን አለበት፣ ዓመት ያልሞላት ልጅ ሊትር ሙሉ ውሃ የት ታደርገዋለች ብዬ ሙሉውን ዱቄት በአንድ የሻይ ብርጭቆ በጠበጥኩት። ልጄ አንድ ጊዜ ቀምሳ አፏን ገጠመች። አፍንጫዋን ይዤ ባጠጣት አስመለሳት።

አመሻሹ ላይ ተማሪዬ ልጅቷን ሊጠይቁ መጡ። ብርጭቆውን አዩት፣ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ፊታቸው ተኮማተረ።

«መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሙሉውን ነው እዚህ ውስጥ?»

«አዎ።»

«ድሬሰሩ አልነገረዎትም እንዴ?»

«አልነገረኝም።»

«ውይ! እኔንስ ጮሆ ጮሆ ነገረኝ» አሉና ከልባቸው አዘኑልኝ። «ውሃው ካነሰ ልጁን ትጎጂዋለሽ ብሎኛል። ይድፉት።»

ቤታቸው ሄደው ባለ ሊትር የዘይት ጠርሙስ ይዘው ተመለሱ። የጠርሙስ ነጋዴ ሊትርን በዓይኑ ያውቃል፤ እኔ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነበር የማውቀው። ጠርሙሱን ስገላምጠው ገባቸው። «ከቆሼ ነው፤ ግን በፈላ ውሃ አጥቤዋለሁ።» ያፈላሁትን ውሃ ሲበርድ ለኩልኝ፣ ሁለተኛውን እሽግ በጠበጡበት፣ ከዚያ ልጄን ታቅፈው በማንኪያ ጠብ ጠብ ያደርጉላት ጀመር። ጠጣች። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መዳህ ጀመረች። የሳቸው የልጅ ልጅ ግን በማግስቱ ነበር ድኖ ደጅ ሊጫወት የወጣው።

ትንሽ ቆይቶ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጠራኝ። «ጓድ መምህርት፣ ለሴቶች ማኅበር ስለ ተቅማጥ ማብራሪያ ትሰጪልናለሽ። የተማረ ሰው ያስፈልጋል።» ትክክለኛው ሰው ተማሪዬ ናቸው ልለው ፈለግኩ። አፍሬ ተስማማሁ።

አዳራሹ ሞላ። ከሳቸው የተማርኩትን ሁሉ ቃል በቃል አስተማርኩ። እናቶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ማንም አይጠይቅም። እኔም ክሊኒኩ ውስጥ እንዲሁ ነበር የነቀነቅኩት። በመጨረሻ ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ፤ እሳቸው ናቸው።

«መምህርት፣ እኔ መሃይም ነኝና አይፍረዱብኝ። ሊትር ማለት በየትኛው ጠርሙስ ነው?»

እንደሚያውቁ አውቃለሁ። ማወቄንም ያውቃሉ። አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች ግን አንገታቸውን አስግገው መልሱን ጠበቁ፤ ሁለቱ ወደ ፊት ተጠጉ። በዘይት ጠርሙስ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። ሊቀ መንበሩ ረክቶ አጨበጨበልኝ።

በዚያው ሰሞን የመሠረተ ትምህርት ፈተና ሆነ። ወረቀታቸውን ያረምኩት እኔ ነኝ፤ ወደቁ። ውጤታቸውን ስነግራቸው ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ምን ይደረግ፣ በሚቀጥለው ዙር እርስዎ ነዎት የሚያስተምሩን?» አሉኝ።