በሁለት ትልም መካከል

አባቴ መሬት ሦስት ጊዜ ሳያርስ ዘርቶ አያውቅም ነበር። ከሰሜን ሸዋ ደጋ ይዞት የወረደ ነገር ቢኖር ይህ ልማዱ ነው። ሌላው ሁሉ፣ አለባበሱም ምግቡም ጨዋታውም፣ ሀርጌሳ ሲኖር ተለውጧል።

ወደዚያ አገር የሄደው ገና ጎረምሳ ሳለ በጭነት መኪና ላይ ወዛደር ሆኖ ነው። ሀርጌሳ እንደደረሰ ወባ ጣለው፤ መኪናውም ትቶት ተመለሰ። በከተማው ዳር የሚኖሩ አንድ የሶማሌ ሽማግሌ ቤታቸው አስገብተው የግመል ወተት እያጠጡ አስታመሙት። ሲሻለው ሞፈርና ቀንበር ጠርቦ፣ የሽማግሌውን ሁለት በሬዎች ጠምዶ፣ ማሽላ የሚዘሩበትን ማሳ አረሰላቸው። እሳቸውም ከአጠገቡ ያለውን ጠፍ መሬት ምስክር ጠርተው ሰጡት። ወረቀት አልነበረውም። በመጀመሪያው ዓመት እንደ አገሩ ልማድ ሰኔን ጠብቆ ዘራና ዘሩን ፀሐይ በላው። እዚያ ዘር የሚጣለው በሚያዝያ ዝናብ ነው። በሁለተኛው ዓመት ተምሮ ዘራ፣ አገኘም። ቤት ከሠራ በኋላ አገሩ ተመልሶ እናቴን አግብቶ አመጣት። እኔ የተወለድሁት እዚያው ሀርጌሳ ነው።

የሽማግሌው ልጅ የአባቴ እኩያ ነበር። ሽማግሌው ካረፉ በኋላ ሁለቱ አጥር ለአጥር ሆነው አረጁ። እኔ «አዴር» እለው ነበር፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። አባቴን ሳይተርበው የዋለበትን ቀን አላስታውስም። በዐቢይ ጾም ጎመን ስንበላ ካየ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣

«አንተ ሀበሻ፣ ዛሬም ፍየሎቼን ቀደምካቸው?» ይላል።

«ፍየሎችህ በባለቤታቸው ወጥተው ሰነፎች ናቸው፤ ምን ላድርግ» ይላል አባቴ።

ትልቁ ክርክራቸው ግን በእርሻ ላይ ነበር። አዴር አንድ ጊዜ አርሶ ይዘራል። አባቴ በመጀመሪያ ይገምሳል፤ ገመሳ መሬቱን መክፈቻ ነው። ቀጥሎ አቅጣጫ ቀይሮ፣ የፊተኛውን ትልም እያቋረጠ ሁለተኛውን ያርሳል፤ ይህን አይማ ይለዋል። ከዚያ ሦስተኛውን ይደግማል። ምክንያቱን ልጅ ሆኜ አስረድቶኛል። የእኛ ማረሻ መሬቱን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይገለብጠውም። ስለዚህ በሁለት ትልም መካከል ማረሻ ያልነካው ጠባብ መሬት ይቀራል። አፈር ስለሚለብስ ከላይ ሲያዩት የታረሰ ይመስላል፤ ሲረግጡት ግን ጠንካራ ነው። አረሙ ሥር የሚሰደው እዚያ ላይ ነው። እሱን የሚያገኘው አግድም የሚሄደው አይማ ብቻ ነው።

«መሬት እንደ ሽንኩርት ይከተፋል እንዴ?» ይለዋል አዴር።

«አንተ ትጭራለህ እንጂ መቼ አርሰህ ታውቃለህ? መጫርማ ዶሮም ትጭራለች።»

እኔ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሐረር አክስቴ ዘንድ ተላክሁ። ስጨርስ ተመልሼ በአንድ ቢሮ ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርሁ። አገባሁ፤ ባሌ ሞተ፤ ልጅ አልነበረንም፤ ወላጆቼ ቤት ተመለስሁ። እናቴ ቢሮ ተቀምጦ መሥራትን እንደ ሥራ አትቆጥረውም ነበር። በአረም ጊዜ ማሳ ስገባ ፊቷን ታጠቁራለች፤ ዘገምተኛ ነሽ ትለኛለች። እሷ ስታርም እጇ አይታይም ነበር።

የመንግሥት ጦርና የአማፅያኑ ውጊያ ከተማው ውስጥ ሲገባ ሁሉንም በቅርብ አየነው፤ እርሻችን ከአየር ማረፊያው ብዙ አይርቅም። የመንግሥቱ አውሮፕላኖች ከከተማዋ አየር ማረፊያ ተነሥተው ያችኑ ከተማ ደብድበው ይመለሱ ነበር። ለመሄድና ለመመለስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃቸዋል። የአዴር ታላቅ ሴት ልጅ ቤቷ ላይ ቦምብ ወድቆ ሞተች። እሷን ቀብረን በማግስቱ ከአዴር ቤተሰብ ጋር አብረን በእግር ወጣን። ማሽላው ቁርጭምጭሚት ድረስ ደርሶ ነበር። አባቴ በማሳው ጠርዝ ሲያልፍ ወደዚያ አላየም።

ድንበሩን ስንሻገር የገባነው ኢትዮጵያ ነው። በስደተኞች ካምፑ በር ላይ ወረፋ ይዘን ተራችን ሲደርስ ጸሐፊው የአባቴን አማርኛ ሰምቶ ቀና አለ።

«አባት፣ የት ነው የተወለዱት?»

«መንዝ።»

«ታዲያ አገርዎ ገቡ እኮ! ስደተኛ ብዬ የምመዘግብዎ ምን ብዬ ነው?»

«ማሳዬ ወዲያ ነው» አለ አባቴ።

ጸሐፊው ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። «የኔ እናት የተቀበረችው ወዲህ ነው» አለች፣ አባቴን ሳታይ። ለጸሐፊው የተናገረች አስመሰለችው። ስማችን ከሶማሌዎቹ ጋር ተጻፈ።

በካምፑ ሦስት ዓመት ቆየን። ነፋስና የውሃ ወረፋ ነው የማስታውሰው። አባቴ ስልሳውን አልፎ ሳለ በአካባቢው ለሚኖር ገበሬ ጉልበቱን እየሰጠ በምትኩ ሁለት ወይፈን አገኘ። የመንግሥቱ ወታደሮች ከሀርጌሳ መውጣታቸው ሲሰማ ወይፈኖቹን እየነዳን ከነአዴር ጋር ተመለስን። እናቴ አገሯ መቅረት እንደምትፈልግ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ተናግራዋለች። ከዚያ ዕቃዋን አሰረች።

ከተማው ጣሪያ አልነበረውም። ቆርቆሮውም በሩም መስኮቱም ተነቅሎ ተወስዷል። የእኛም ቤት ግድግዳው ብቻ ቆሞ አገኘነው። ከጣሪያው የከፋው ግን ፈንጂው ነበር። በየበሩ፣ በየውሃ ጉድጓዱ፣ በየማሳው ተቀብሮ ነበር። የተመለሰ ሰው ቤቱ ሲገባ እግሩን ያጣል። የትኛው ቦታ እንዳለበትና እንደሌለበት የሚያውቅ አልነበረም። በእኛ ማሳ አንድ ጥግ ላይ ወታደሮች ምሽግ ቆፍረው ኖሯል።

ይዘነው የመጣነው የእርዳታ ስንዴ ከሁለት ወር የሚያልፍ አልነበረም። የሚያዝያው ዝናብ ሳያልፍ ማሽላ ካልተዘራ ወደ ካምፑ ተመልሰን መግባት ነው። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን። አባቴ አዲስ ሞፈር መጥረብ ጀመረ።

አዴር ነገሩን ሲሰማ ፍየሎቹን ነድቶ መጣ። የቀሩት ስምንት ነበሩ።

«ዕድሜህን ሙሉ ስትቀድማቸው ኖረሃል» አለው፤ «ዛሬ እነሱ ይቅደሙህ።»

ፍየሎቹን ከዳር እስከ ዳር አመላለሳቸው። ምንም አልሆነም።

«አየህ? ንጹሕ ነው» አለ አዴር።

«ፍየል ቀላል ናት» አለች እናቴ።

አባቴ ሦስት ቀን ገመሰ። እናቴና እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆመን እንመለከት ነበር፤ እንዳንገባ ከልክሎናል። በሬዎቹ ሄደው በተመለሱ ቁጥር እናቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ታወርዳለች፤ ሲዞሩ መልሳ ትሸፍናለች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጨረሰ። በሬዎቹን ፈትቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣

«እንግዲህ ከነገ ወዲያ አይማውን እጀምራለሁ» አለ።

«የምን አይማ?» አለች እናቴ።

«ሁለተኛው ነዋ።»

«አንድ ጊዜ በቸርነቱ አለፍህ። እግዜርን ሁለት ጊዜ አትፈታተነው።»

«አንድ ጊዜ ተጭሮ ይዘራል?»

«ይዘራ! የነአዴር ማሽላ አይበቅልም?»

«ይበቅላል። ከነአረሙ።»

«አረሙን ለኔ ተወው» አለች።

እኔም ጨመርሁበት። «አባዬ፣ እኛ እናርመዋለን። ማረሻ ጠልቆ ይገባል፤ መኮትኮቻ ከላይ ከላይ ነው» አልሁት። የተማርሁ ስለሆንሁ ነገሩን በልክ የተናገርሁ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። በኑሮው እናቴን እሺ ያለበት ጊዜ ጥቂት ነው። ካምፑ ላይ የነገረችውን እያሰበ ይሆናል። በማግስቱ ዘሩን ይዞ ገባ። አዴር በአጥሩ ላይ ሆኖ፣

«እሰይ! በስተርጅና ገበሬ ሆንህ» አለው። አባቴ አቀርቅሮ ዘሩን መበተን ቀጠለ። አፍሮ ነበር።

ዝናቡ ጥሩ ዘነበ። ማሽላው ወጣ፣ አረሙም እኩል ወጣ። አባቴ እንዳለው በትልሞቹ መካከል ያለው ሣር ሥሩ ስላልተነካ በእጅ ቢስቡት አይነቀልም። እናቴ መኮትኮቻ ይዛ ገባች፤ እኔም ተከተልኋት። ሦስት ቀን አረምን። ፈርተን የጀመርነው ሥራ በሁለተኛው ቀን ሥራ ብቻ ሆነ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አባቴ በሬዎቹን ሊያሰማራ ወጥቶ ነበር። እኔ ከእናቴ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቻለሁ። ዘወር ብላ፣

«ኧረ ፍጠኚ፤ ወረቀት አይደለም የምትነቅዪው» አለችኝ።

ጎንበስ አለች። መኮትኮቻዋ አንድ ጊዜ አረፈ። ሁለተኛ ስታነሣውና ስትመታው ፈነዳ።

ፈንጂው የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የሚያክል እንደሆነ በኋላ ነገሩኝ። ወደ እሷ ስሄድ የረገጥሁት የራሷን ዱካ ነው፤ ያን ያህል ማሰቤ አሁን ድረስ ይገርመኛል። አዴር የአህያ ጋሪ ይዞ ደረሰ። ወደ ሆስፒታሉ ነዳን፤ ሐኪም አልነበረም፤ አንዲት ነርስ ቁስሏን በጨርቅ አሰረችላት። እናቴ ውሃ ጠየቀች፤ ሰጠኋት። እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተች።

የቀበርናት በግቢያችን ነው። ካህን የለም። መቃብሩን ለመቆፈር የአዴር ልጆች አካፋ ይዘው መጥተው ነበር፤ አባቴ ማንንም አላስጠጋም። ጉልበቱ ድረስ እስኪወርድ ብቻውን ቆፈረ። ከዚያ ወጥቶ «አሁን ግቡ» አላቸው። ሲያልቅ የሚችለውን ያህል ጸሎት ደገመ፤ ስሕተቱን የሚያርመው አልነበረም። ሶማሌዎቹ ከአጥሩ ውጭ በራሳቸው ወግ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

በሦስተኛው ቀን የእናቴን መኮትኮቻ ፈልጎ አነሣ። እጀታው ተሰብሮ ስለነበር ሌላ አበጀለት። የቀረውን ማሳ ብቻውን አረመው። ወንድ አያርምም የሚል ሰው ነበር።

«ልርዳህ?» አልሁት።

«ከአጥሩ ወዲህ እንዳትገቢ።»

ማሽላው ጥሩ ሰጠ። ያንን በልተን በጋውን ተሻገርን። ወደ ካምፑ አልተመለስንም።

አይማው ቢታረስ ኖሮ ማረሻው ያንን ቦታ ያገኘው ነበር። ያን ጊዜ የሚሞተው እሱ ነው። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አንድም ቀን አላነሣነውም።

በሚቀጥለው ዓመት ማንንም ሳያማክር ሦስት ጊዜ አረሰ። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ሦስት ጊዜ፣ አንዳንድ ዓመት አራት ጊዜ ያርስ ነበር። ጥግ ጥጉን፣ ምሽጉ የነበረበትን አፋፍ ሳይቀር አረሰ። አዴር ስለ እርሻ መቀለዱን ተወ። «ይበቃሃል በዪው» አለኝ አንድ ቀን። «አንተ በለው» አልሁት። አላለውም።

ጥቂት ዓመታት አልፈው ፈንጂ የሚያነሡ ሰዎች ወደ እኛ ሠፈር መጡ። በደረታቸው ተኝተው አፈሩን በቀጭን ብረት እየወጉ ማሳውን በሙሉ ፈተሹ። አባቴ ከአጥሩ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲመለከታቸው ሰነበተ። ሲጨርሱ አለቃቸው ወደ እሱ መጣ።

«ንጹሕ ነው፣ አባት።»

«ሌላ የለም?»

«አንድም የለም። ኖሮ ከሆነ ያ የፈነዳው ብቻ ነው።»

አባቴ ደግሞ ጠየቀው። ሰውየው ያንኑ ደግሞ መለሰለት። ገመዳቸውን ጠቅልለው ሄዱ።

ያን ቀን አንድ ነገር ልለው ይገባኝ ነበር። እሱም «አላልኋችሁም?» ሊለኝ ይችል ነበር፤ እስኪሞት ድረስ አላለኝም።

በዚያ ዓመት አላረሰም። በሬዎቹን ጠምዶ እንደሚወጣ ጠብቄ ዝናቡ ሲገባ ቀንበሩን አውጥቼ አስቀመጥሁለት። አየውና መልሶ አስገባው።

«ደክሞኛል» አለኝ።